እማዬና የማይወድቀው ጣሪያ

እናቴ የቤተ ክርስቲያናችንን ጣሪያ ትፈራ ነበር። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ እኔም እናት አትዋሽም ብዬ የማምንበት ዕድሜ ላይ ስለነበርኩ ነገሩን እንደ ጸሎተ ሃይማኖት ተቀበልኩት። በዚሁ የተነሣ የሕንፃ መሐንዲስ ሆንኩ። ሰው በእናቱ ጸሎት ሐኪም ይሆናል፤ እኔ በእናቴ ውሸት መሐንዲስ ሆንኩ። እንጀራው ግን ያው እንጀራ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ስል የእኛ ነበር ማለቴ አይደለም። ለንደን ውስጥ ካሌዶኒያን ሮድ ጀርባ፣ በማዘጋጃ ቤቱ የካውንስል ፎቆች መካከል ያለ፣ ቅዱስ ብሬንዳን የሚባል የካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን ነው። እሑድ እሑድ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይፈቀድልን ነበር። ካቶሊኮቹ ጠግበው ተኝተው እስኪነሡ እኛ ቀድሰን፣ ጠርገን፣ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ሰም በቢላ ፍቀን እንወጣለን። የራሳችንን ሕንፃ የሚገዛ ኮሚቴ ነበረን። የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ደግፌ በየዓመቱ ለመስቀል ተነሥተው «በሚቀጥለው ዓመት» ይሉና ይቀመጣሉ። ላም አለኝ በሰማይ።

ሕንፃው በፈረንጆቹ ስድሳዎቹ ዓመታት የተሠራ ነው። ክብ ነው። ግድግዳው ልስን ያልነካው ባዶ ኮንክሪት ሲሆን ሲሚንቶው የፈሰሰበት የጣውላ መስመር እስከ ዛሬ ይታይበታል። ጣሪያው ተጣጥፎ፣ ተጣጥፎ መሐል ላይ ይገናኛል፤ ምሰሶ የሚባል ነገር የለውም። ግድግዳውን ከወገብ እስከ ራስ ከፍታ የሚዞረው ባለቀለም መስታወት ነው፤ እንደ ጡብ የወፈረ፣ በሲሚንቶ ውስጥ የተቀበረ። ከእኛ ሰዎች አንድም የወደደው አልነበረም። አቶ ደግፌ «ጋኑ» ነበር የሚሉት። የእናቴ ወዳጅ እትዬ ጌጤነሽ ደግሞ «ምስኪን፣ ልስኑን ሳይጨርስ ሞቶ ነው» እያለች ለአርክቴክቱ ነፍስ ይማር ትላለች። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ያደጉት ክብ ቤተ ክርስቲያን እየተሳለሙ እንደነበረ ያወቅሁት ኋላ ነው። ጎጃም ላይ ክብ ሲሆን ቅድስና፣ ለንደን ላይ ክብ ሲሆን ጋን።

እውነቱን ለመናገር አንድ ልዩነት አለ። በአገር ቤቱ ክብ ውስጥ መቅደሱ የሚሸሸገው መሐል ላይ ነው፤ ግድግዳ፣ ከዚያ ሌላ ግድግዳ፣ ከዚያ መጋረጃ። የካቶሊኮቹ ክብ ደግሞ መንበሩን መሐል ላይ ያስቀመጠው ሁሉም ሰው ከሁሉም አቅጣጫ እንዲያየው ነው። በዚያ ዘመን የሮም ጳጳሳት ከመላው ዓለም ተሰብስበው፣ ለዓመታት ተከራክረው፣ ካህኑ ፊቱን ወደ ሕዝቡ እንዲያዞር በሩን ከፈቱለት። አባቴ ኃይለልዑል ይህን ሁሉ ድካም በየእሑዱ በግማሽ ሰዓት ያፈርሰው ነበር። የሻወር መጋረጃ የሚሰቀልበት ዘንግ እየቀጣጠለ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ መንበሩን ዙሪያውን በቀይ ከፋይ ይሸፍነዋል። ረጅም ስለነበረ ሥራው የእሱ ሆነ። በእሱ ምክንያትም ከሰው ሁሉ ቀድመን፣ ሕንፃው ገና ድቅድቅ ብሎ ሳለ እንደርሳለን፤ የምንወጣውም መጋረጃው ተጣጥፎ፣ ቀኑ በደንብ ነግቶ ነው።

ሰዎቻችን የጋኑን አንድ ነገር ብቻ ያመሰግኑ ነበር፤ ወለሉን። ወለሉ ከሥር ይሞቃል። ካቶሊኮቹ ከነጫማቸው ስለሚገቡ ማሞቂያው ከተበላሸ ቆይቷል ብለው ሲያማርሩ እሰማለሁ። እኛ ጫማችንን አውልቀን ስለምንገባ የት የት ጋ እንደሚሠራ በእግራችን እናውቃለን። በመጋረጃው ዙሪያ እንደ ቀለበት የሚዞር ሙቅ መስመር ነበረ። የዚያ መስመር ቦታ በዕድሜና በማዕረግ የተያዘ ሲሆን አንዲት ሴትዮ ተሳስታ የእትዬ ጌጤነሽን ሙቅ ቦታ በመያዟ ሁለቱ ለአንድ ሙሉ ዐቢይ ጾም ተኳርፈዋል።

እናቴ ግን ያንን ሙቀት አታውቀውም ነበር። ውጭ ነበር የምትቆመው።

እስከ በሩ ድረስ ከእኛ ጋር ትመጣለች። ነጠላዬን ታስተካክላለች፤ ጫማዬን ታስወልቀኛለች፤ «ግቢ» ትለኛለች። ከዚያ ሕንፃውን በግራ በኩል ትዞርና ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ መስታወቱ ጋ ትቆማለች። ከመቆሟ በፊት ግድግዳውን ትሳለማለች። ያ ኮንክሪት ከንፈር አይምርም፤ ብርድ ሲሆን ከንፈሯ ተልጦ፣ ቫዝሊን ተቀብታ፣ የቫዝሊኑ ምልክት ግድግዳው ላይ ይቀራል። ቅዳሴው ሲያልቅ አባ ገብረመድኅን መስቀላቸውንና ጸበሉን ይዘው እስከዚያ ድረስ ይሄዱላታል። ጎንበስ ብለው ሲያነጋግሯት፣ እሷም ራሷን ስትነቀንቅ ከሩቅ አያለሁ። ስለ ጣሪያው እየተከራከሩ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

«ለምን አትገቢም?» ብዬ የጠየቅኋት ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው።

«ያ ጣሪያ ይወድቅብኛል፤ እፈራለሁ» አለችኝ።

ይህን ለምን እጠራጠራለሁ? ሁሉም ሰው ሕንፃውን ሲያማ ነው የሚውለው። አንዱ ጋን ሲለው፣ አንዷ ያላለቀ ስትለው፣ እናቴ ደግሞ የሚወድቅ ብትለው ከጠቅላላው ሐሜት ምን ይለየዋል? ዛሬ ሳስበው በጣም ጥሩ መሸሸጊያ ነበር የመረጠችው።

በበጋ እሑዶች ፀሐይ ከእኛ ቀድማ ትነሣለች። ያን ጊዜ ከውስጥ ሆኖ መስታወቱን ማየት ነው! ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ወይን ጠጁ ወለሉ ላይ ይፈሳል፤ የአቶ ደግፌ ራሰ በራ ሳይቀር አረንጓዴ ይሆናል። አንድ ቀን ሮጬ ወጥቼ እናቴ ከቆመችበት ላየው ሞከርኩ። ጥቁር ነው። አቧራ የጠጣ፣ የሞተ ድንጋይ። እንግዲህ እናቴ በየእሑዱ አራት ሰዓት ሙሉ አፍንጫዋን ሰክታ የምታየው ይህንን ነው ማለት ነው። አለቀስኩላት። ልጅ ሳለሁ አዛኝ ነበርኩ፤ ኋላ ኮንትራክተሮች አስተዉኝ።

አሥር ዓመት ሲሞላኝ የታኅሣሥ ገብርኤል እሑድ ሊውል ሆነ። የታቦታችን ንግሥ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች እንድንዘምር ተመደብን፤ እኔ ደግሞ አንዱን ስንኝ ብቻዬን እንድል ተመረጥኩ። ሌሎቹ ልጆች ስለ ነጭ ቀሚሳቸው ሲያወሩ የእኔ ጭንቀት አንድ ብቻ ነበር፤ እናቴ እንድታየኝ። እሷ እንድታየኝ መግባት አለባት፤ እንድትገባ ጣሪያው አለመውደቁ መረጋገጥ አለበት። ነገሩ ይኸው ነው፤ የቴክኒክ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ወደ ባለቤቱ ሄድኩ። የቅዱስ ብሬንዳን ቄስ ፋዘር ዴክላን የሚባሉ፣ ኮታቸው ላይ ሁልጊዜ የብስኩት ፍርፋሪ የማይጠፋ አየርላንዳዊ ነበሩ። እኛ ስንወጣ እሳቸው ይገባሉ።

«ፋዘር፣ ጣሪያው የሚወድቀው መቼ ነው?» አልኳቸው።

ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ስለዚያ ሕንፃ የሚጠይቃቸው ሰው ሲጠብቁ የኖሩ ይመስላሉ። የእሑዱን የጸሎት ወረቀት ከኪሳቸው አወጡና በሁለት መጽሐፎች መካከል እንደ ድልድይ ጋደም አደረጉት። አንድ ሳንቲም ሲያስቀምጡበት ወረቀቱ ሸብረክ ብሎ ወደቀ። ከዚያ ያንኑ ወረቀት እንደ ማራገቢያ አጣጠፉትና መልሰው አስቀመጡት። በላዩ ሳንቲም፣ በሳንቲሙ ላይ የቁልፍ ዘለላቸውን፣ በዚያ ላይ መነጽራቸውን ጫኑ። ወረቀቱ ንቅንቅ አላለም። ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁት። ተጣጥፏል! በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የገባኝ ነገር የለም።

«ይህን ቤት የሠራው ሰው» አሉኝ፣ «አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለገው። ከመንበሩ የሚርቅ ሰው እንዳይኖር። ውጭ የሚቀር ሰው እንዳይኖር።»

«እናቴ ውጭ ቀርታለች» አልኳቸው። «ጣሪያውን ፈርታ።»

ፊታቸው ልክ ልጁ የተሰደበበት ሰው ፊት መሰለ።

በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሰዉ በበሩ ሲወጣ፣ ፋዘር ዴክላን በካፊያው ውስጥ እጆቻቸውን ዘርግተው ወደ እናቴ ሲራመዱ አየሁ። እኔ ከኋላቸው እየዘለልኩ እከተላለሁ፤ ድል በድል ሆኛለሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ቆመዋል። አባቴ በሩ ጋ ጫማ ያቀብላል፤ ሁልጊዜ እዚያው በሩ ላይ ስለሚቆም «የጫማ ዘበኛ» ነበር የሚሉት።

«እመቤቴ» አሉ ፋዘር ዴክላን፣ መንገድ ማዶ በሚሰማ ድምፅ፣ «ልጅሽ ነገረችኝ። በክህነቴ እምልልሻለሁ፤ ይህ ጣሪያ አይወድቅብሽም። እባክሽ ግቢ።»

እናቴ በመጀመሪያ እኔን አየችኝ። ከዚያ አባቴን። አባቴ አጎንብሶ፣ የተስተካከሉትን ጫማዎች እንደገና ያስተካክል ጀመር። እትዬ ጌጤነሽ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሳቀ የለም፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ መስሎኝ ነበርና እኔ ብቻዬን ሳቅሁ።

«ታንክ ዩ ፋዘር» አለች እናቴ። «አይ ላይክ ዘ ሬይን።»

አባ ገብረመድኅን ደርሰው በመስቀላቸው ባረኳትና «ተዪው ልጄ፤ ጣሪያን ሁሉ የያዘው እሱ ነው» አሏት። እኔ በሰውዬው አዘንኩ። ወረቀቱን ስላላዩት ነው አልኩ በልቤ።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፣ አቶ ደግፌ ደግሞ በዚያው ቀን አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። ከኋላ ባለው አዳራሽ፣ በሕፃናት ወንበር ላይ ተቀምጠው «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ብለው ጀመሩ። «ፈረንጅ በክህነቱ የሚምለው ለምንድን ነው? ሳይጠየቅ ‹አልሰረቅሁም› ያለ ሰው ኪሱ ይፈተሻል። ይህ ጣሪያ ሊወድቅ ነው ማለት ነው!»

«ካውንስሉ መጥቶ ቼክ ያድርገዋ» አለ አንዱ።

«ካውንስሉማ ቼክ ካደረገው ይዘጋብናል» አለ ሌላው። «የእኔን ፍላት ሪፔር እንዲያደርጉልኝ አፕላይ ካደረግሁ ስንት ጊዜዬ!»

ስብሰባው ጉዳዩን በጸሎት ለማሰብ ወስኖ ተበተነ። በሚቀጥለው እሑድ ሴቶቹ በሙሉ ከጣሪያው መሐል ፈቀቅ ብለው ግድግዳው ሥር ተደርድረው አገኘኋቸው። አልሸሹም፣ ዞር አሉ። ግድግዳው ሥር ግን ወለሉ በረዶ ነው። ብዙም ሳይቆይ አንድ በአንድ ወደ ሙቁ ቀለበት ተመለሱ፤ በእግዚአብሔር ጥበቃ መታመን ጀመሩ።

እናቴ በስብሰባው ቀን ወደ ቤት ስንሄድ እየፈጠነች ከፊቴ ተራመደች። አባቴ ከኋላችን ቀርቶ ነበር። የፎቃችን ደረጃ ላይ ስንደርስ ቆማ ኮሌታዬን አስተካከለችው፤ ኮሌታዬ ምንም አልሆነም ነበር።

«ኤዱዬ፣ ሁለተኛ የእኔን ነገር ለሰው አትንገሪ።»

«ግን አይወድቅም እኮ እማዬ! በወረቀት አይቼዋለሁ።»

«ላንቺ አይወድቅም።»

«ላንቺስ?»

«ለእኔ እንጃ» አለችና ደረጃውን ወጣች።

ያንን ሌሊት አንድ ጣሪያ እንዴት ለአንዱ ቆሞ ለሌላው እንደሚወድቅ ሳሰላስል እንቅልፍ አልወሰደኝም። በኋላ በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምሬም መልሱን አላገኘሁትም፤ የሚያስተምሩን ሰዎች እንዲህ ዓይነቱን ጭነት አያውቁትም።

የገብርኤል ዕለት መሬቱ በውርጭ ነጭቶ ነበር። «ዛሬን ብቻ» ብዬ ለመንኳት። «በሩ ላይ እንኳ ቁሚ። አባዬ ጋ።»

«እሰማሻለሁ» አለችኝ።

«መስማት ብቻ!»

«ግቢ፤ ይረፍድብሻል።»

ካቶሊኮቹ እንዳይደርሱብን ተብሎ መዝሙሩ ቀደም እንዲል ተደርጎ፣ ገና ሳይነጋ ተራችን ደረሰ። ውስጡ መብራቱ ሁሉ በርቶ፣ ሻማው ተጨምሮ ቦግ ብሏል። እኛን ልጆቹን በግራ በኩል ግድግዳው ሥር፣ ጀርባችንን ለመስታወቱ ሰጥተን አቆሙን። ስንኜ ሲደርስ ዞር ብዬ መስታወቱን አየሁት። በብርዱ ወራት እሑዶች ሁልጊዜ እንደሚሆነው ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነበር። በበጋ ቀይ የሚሆነው ክፍል እንኳ ከሰል መስሏል። ከዚያ ጥቁር ወዲያ እናቴ ቆማለች፤ አታየኝም፤ አላያትም። ስንኙን የዘመርኩት በንዴት ነው። እንባዬ መጣ፤ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ሕዝቡ ልጅቷን መንፈስ ቅዱስ ጎበኛት ብሎ እልል አለ።

ሲነጋ ወጣሁ። የእናቴ አፍንጫ ቀልቷል፤ ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋል። አቀፈችኝና «አምሮብሽ ነበር» አለችኝ።

«አላየሽኝም!»

«አምሮብሽ ነበር አልኩሽ።»

ይሉኝታ ነው ብዬ ተውኩት። እናት ያላየችውንም ታመሰግናለች።

የሰማዩ ላም ከዓመታት በኋላ፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ወረደች። ሃክኒ በሚባል ሰፈር አንድ አሮጌ የሜቶዲስት ፕሮቴስታንቶች አዳራሽ ተገዛ። ባለ ሾጣጣ ጣሪያ፣ ባለ እንጨት ማገር፣ በየምሰሶው መንበሩ የሚጋረድበት፣ ወለሉ የሚያንቀጠቅጥ። ሰዉ ሁሉ «አሁን ገና ቤተ ክርስቲያን አገኘን!» አለ። እናቴ ለጥቂት ወራት ከእሱም ውጭ ቆመች። ከዚያ አንድ እሑድ ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀጥ ብላ ገብታ፣ ከሴቶቹ ፊት ስትቆም አየኋት። ይኸው! አልኩ። ማገሩን ቆጥራ፣ አይታ፣ አመነችበት ማለት ነው። የኮንክሪት ፍርሃት እንጂ ሌላ አልነበረም። በዚያ ዓመት የሕንፃ ምሕንድስና ለምን እንደማጠና ለጓደኞቼ ስነግር የእናቴን ታሪክ እጨምርበት ነበር፤ ሁሉም ይስቃሉ፤ እኔም የምኮራበት ታሪኬ ሆነ።

ያ ጋን ዛሬ ቅርስ ነው። ባለሙያዎች መጥተው እየዞሩ አደነቁት፤ እንዳይፈርስ ሕግ ወጣለት። አቶ ደግፌ በሕይወት ቢኖሩ ለሁለተኛ ጊዜ ይሞቱ ነበር። ዘንድሮ ሊታደስ ሆነና የምሠራበት ድርጅት ጣሪያውን እንድመረምር ላከኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በገመድ ተንጠልጥዬ እያንዳንዱን እጥፋት በመዶሻ ቆረቆርኩ። አንዱ አሸንዳ ሥር ትንሽ ብረት ዝጓል። ከዚያ በቀር የእኔን ልጆች፣ የልጆቼንም ልጆች ይቀብራል። ሥራዬን በጨረስኩበት ከሰዓት ወደ እናቴ ቤት በረርኩ።

እናቴ ያንኑ ካሌዶኒያን ሮድ ያለውን ፍላት አልለቀቀችም። ጉልበቷ ከብዶ፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ፎቶው ቴሌቪዥኑ ላይ ቆሟል።

«እማዬ፣ ጣሪያው ደህና ነው!»

«የቱ ጣሪያ?»

«የቅዱስ ብሬንዳን ነዋ! የፈራሽው! እኔ ራሴ መረመርኩት።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። ሳቀች። ሽንኩርቱ ከጭኗ ላይ እየተንከባለለ እስኪወርድ ሳቀች።

«አንቺ ልጅ፣ እስካሁን? እኔ እኮ ካደግሽ በኋላ የገባሽ መስሎኝ ነበር!»

«ምኑ?»

ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ፎቶውን አየችው። «እሱም አረፈ። እሷም አረፈች። አሁን ማን ያፍርብኛል» አለች።

«እሷ ማናት?»

«የአባትሽ ሚስት።»

እንዲህ ነው ነገሩ። አባቴ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ከመሰደዱ በፊት ደሴ ውስጥ በቁርባን ያገባት ሴት ነበረች። ከተያዘበት አምልጦ ሲሮጥ ተለያዩ፤ ሞታለች ተባለ። ለንደን መጣ። ባተርሲ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ከምታነጥፍ ሮማንወርቅ ከምትባል ልጅ ጋር ተዋወቀ፤ እኔ ተወለድኩ። ዳዴ ማለት ስጀምር ከደሴ የመጣ ሰው ሴትየዋ በሕይወት እንዳለች፣ ሌላም እንዳላገባች ነገራቸው። የቁርባን ጋብቻ አይፈርስም። ጫማ አውልቀው የሚገቡት እነዚያ ሴቶች ሁሉ ይህን ያውቁ ነበር። ያ «ግቢ» የተባለች ዕለት እትዬ ጌጤነሽ በነጠላዋ አፏን የሸፈነችው ለዚህ ነው።

«አባ ከለከሉሽ?»

«ኧረ! ግቢ ነበር የሚሉኝ፤ መቁረብ ብቻ ነው የማትችዪው ይሉኛል። እግሬ ነው እምቢ ያለኝ። የሰው ባል ይዤ መጋረጃው ፊት ልቁም?» ሽንኩርቷን ትለቅም ጀመር። «ሃክኒ በገባን ዓመት አረፈች። ተዝካሯን አወጣንላት። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቆረብን። አንቺ ፈተና ነበረብሽ፤ ዓይን ሐኪም ጋ ልንሄድ ነው አልንሽ።»

የዓይን ሐኪሙን አስታውሳለሁ። መነጽር ታዘዘልሽ ወይ ብዬ ደውዬ ነበር።

ከዚያ ተናደድኩ። በእሷ አይደለም። ፎቶው ላይ ባለው ረጅም ሰውዬ ነው። «እሱስ? ሚስትየዋ የማን ነበረች? አንቺ ውርጭ ላይ ስትቆሚ እሱ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«መጋረጃውን ማን ይስቀለው?»

«አዎ፤ ኃጢአቱ መሰላል ላይ ሲወጣ ይቀራል።»

«ቆይ፣ አትቸኩዪ። ከሰቀለ በኋላ መቼ መሐል ገብቶ ያውቃል? በሩ ላይ ነበር፤ አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ። እነሱ የጫማ ዘበኛ ይሉታል።»

«ውስጥ ያለው እግሩ ግን ሞቆታል» አልኩ።

«እሱንማ እኔም ነግሬዋለሁ» አለችና እንደገና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እንባዬ ይመጣ ነበር። የልጅነቴ እሑዶች በሙሉ፣ ያ የተላጠ ከንፈር፣ ያ ጥቁር መስታወት ፊቴ ተደቅኖ ነበር።

«ያ ሁሉ ዓመት ጥቁር ግድግዳ ስታዪ» አልኳት። «የዘመርኩ ዕለት እንኳ።»

«ጥቁር ያለሽ ማን ነው?»

«አይቼዋለሁ እማዬ። ወጥቼ አይቼዋለሁ።»

«በበጋ ይሆናላ!» አለች፣ ልክ ለማይገባው ልጅ እንደምታስረዳ። «በብርዱ ጊዜ ውጭው ጨለማ ነው። እናንተ ውስጥ መብራት ስታበሩ ያ ሁሉ ቀለም ወደ እኔ ነበር የሚወጣው። ዙሪያውን ይነድዳል፤ በረዶው ላይ ሳይቀር ይወርዳል። እናንተ ምንም አታዩም ነበር፤ እኔ ነኝ የማየው። የዚያን ዕለት አንቺ የቆምሽው ቀዩ ጋ ነው። ስንኝሽን ስትዪ ግራ ቀኝ ትወዛወዥ ነበር። ቀዩ ጨለም ይላል፣ ይበራል፣ ጨለም ይላል፣ ይበራል።» እጇን እያወዛወዘች አሳየችኝ። «አምሮብሽ ነበር አላልኩሽም?»

በታኅሣሥ፣ ሠራተኞቹ ከመግባታቸው በፊት ጠዋት በጨለማ ይዣት ሄድኩ። የሕንፃው ዘበኛ ሻዩን እየጠጣ መብራቶቹን በሙሉ አበራልኝ። ምርኩዟን አስይዤያት በግራ በኩል ዞርን። እውነቷን ነበር። በባዶው ኮንክሪት መካከል ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ወይን ጠጁ ይነድዳል፤ የእናቴ ነጭ ጋቢ ሙሉ ለሙሉ ተቀብቷል። እንደ ልማዷ ግድግዳውን ተሳለመች።

«አሁን ማንም የለም። ማሞቂያው ባይሠራም ጣሪያው ዋስትና አለው፤ እኔ ፈርሜበታለሁ። ግቢ እማዬ» አልኳት።

«አንቺ ግቢ» አለችኝ። «እኔ ከዚህ ነው የማየው።»

ገባሁ። በሩ ላይ ቦቴን አወለቅሁ፤ ዘበኛው ገርሞት አየኝ። ወለሉ በረዶ ነው። በግራ በኩል ሄጄ ቀዩ ሊሆን ይገባዋል ብዬ የገመትኩት ቦታ ላይ፣ ጀርባዬን ለመስታወቱ ሰጥቼ ቆምኩ። ዞር ብዬ ባየው ከሰል ነው። ምንም የለም። ግን የግንባታ ባርኔጣዬን እንዳደረግሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ግራ ቀኝ መወዛወዝ ጀመርኩ።

ብዙም ሳይቆይ ከውጭ፣ ከዚያ ሁሉ ኮንክሪት ወዲያ፣ የእናቴ እልልታ ተሰማኝ።

ዘበኛው ሻዩን እንደያዘ ሮጦ መጣ። «ምንድን ነው? ጣሪያው ነው?» አለኝ።

«ጣሪያው ደህና ነው» አልኩት፤ መወዛወዜን ግን አላቆምኩም።